ቃሬዛና የመስታወት ማውጫ

እናቴ «በቃሬዛ የምወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም አላየውም» ካለች በኋላ በቤታችን ክርክር አልነበረም። ነጠላዋን አጣፍታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወንድሜ እኔን ተመለከተ። እኔ በራችን ላይ የቆመችውን ፒካፕ ተመለከትኩ።

የአባቴ የሰባት ዓመት ተዝካር ደርሶ ነበር። አባቴ የተቀበረው በላሊበላ ከተማ ሳይሆን ከአሸተን ተራራ ማዶ፣ ደጋው ላይ፣ በተወለደበት አጥቢያ ነው፤ ተዝካሩም የሚወጣው እዚያው መቃብሩ አጠገብ ነው። እናቴ የዳሌዋ አጥንት ካለቀ ወዲህ በቅሎ ላይ መቀመጥ አትችልም፤ በምርኩዝ የምትሄደውም ከቤታችን እስከ ጎረቤት ደጃፍ ነው። የአባቴ ዘመዶች ይህን ስለሚያውቁ በቅንነት «ጎረምሶች አሉን፤ በቃሬዛ እናወጣታለን» ብለው ላኩብን። መኪና በማይገባበት የላስታ አገር ቃሬዛ የተከበረ ዕቃ ነው፤ ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ ሐኪም ቤት ያወርዳል፣ የሞተን ሰው ወደ መቃብሩ ያወጣል። ሦስተኛ ሥራ የለውም። እናቴ ደግሞ አላማጠችም፣ አልሞተችም። ያገባችበትና የወለደችበት ሕዝብ ፊት ተቀምጣ ደርሳ፣ ቆማ መግባት ትፈልግ ነበር። ከዚያ ያነሰ ነገር ከሚሆን መቅረትን ትመርጣለች፤ ዘንድሮ ከቀረች ግን ዳግመኛ ወደዚያ እንደማትወጣ ሦስታችንም እናውቀው ነበር።

መንገድ አለ። የአገሩ ሰው በዶማና በአካፋ ያወጣውና በኋላ ግሬደር የተራመደበት፣ ድንጋዩ የሚንከባለል፣ ዳገቱ ጨካኝ የሆነ መንገድ ነው። የኋላ ጎማ ብቻ የሚገፋው መኪና አይወጣውም፤ አራቱም ጎማ መሥራት አለበት፤ እነሱም በሪዱታ፣ ማለትም በዚያ ቀርፋፋና ጉልበተኛ ማርሽ። የወንድሜ ፒካፕ ይህ ሁሉ ነበራት። ክረምቱ ሲገባደድ ግን ከገነተ ማርያም ሲመለስ በጎርፍ ውስጥ አሳለፋት፤ ውኃው ወለሉ ላይ ገባ፤ ከምንጣፉ ሥር የተቀመጠው ኮምፒውተር ረጠበ። ዳሽቦርዱ ላይ አራት ጎማ የሚያዝዘው ማዞሪያ መብራቱ ጥቂት ብልጭ ድርግም ካለ በኋላ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ማዞሪያው ቢዞርም የሚሰማው አልነበረም።

ስለ ራሴ ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገውን ያህል ልናገር። የተማርኩት የቁጥጥር ምህንድስና ነው፤ ማሽን ራሱን እንዴት እንደሚለካ፣ እንዴት እንደሚያርም፣ መቼ እምቢ ማለት እንዳለበት የሚመረምር ትምህርት። በዚህ ትምህርት የመጨረሻውን ማዕረግ ይዣለሁ። ዓመታት አስተምሬያለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን መስመር በመስመር ያረምኩላቸው ወንዶችም ተራ በተራ አለቆቼ ሲሆኑ አይቻለሁ። የመጨረሻው በተሾመ ሰሞን መልቀቂያዬን አስገብቼ ወደ ትውልድ ከተማዬ ተመለስኩ። ከተማው መመለሴን በሁለት መንገድ ተረጎመው፤ ወይ ታማለች፣ ወይ ተባራለች። «ዶክተር» ብለው ይጠሩኛል። በሽተኛ የማላክም መሆኔን ሲረዱ ግን ከማዕረጉ ድምፁን ትተውልኝ አክብሮቱን ይዘው ይሄዳሉ።

ወንድሜ መኪናዋን ወደ ጋራዥ ሲወስድ አብሬው ሄድኩ። የጋራዡ ባለቤት ሰፊ ትከሻና ሰፊ ሳቅ ያለው ሰው ነው። እኔ ከወንድሜ ጎን ብቆምም የሚያነጋግረው ወንድሜን ነበር።

«ኮምፒውተሩ ሞቷል» አለ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ሌላ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። መንገዱን ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ።»

«ለተዝካሩ አይደርስልኝም?»

«ለሚቀጥለው ተዝካር ይደርሳል።»

ግቢው ሳቀ። ወንድሜ ግን አልሳቀም።

«ሞተሩስ?» አልኩ።

«የቱ ሞተር?»

«ትንሹ ካምቢዮ ላይ የታሰረው። ብቻውን ሞክረኸዋል?»

አሁን ዞሮ አየኝ። «ዶክተር፣ ይቺ እኮ ክኒን የምትውጥ አይደለችም። ኮምፒውተሯ ከሞተ ሞተች ማለት ነው።»

«እንግዲያው ቀብሩን ለእኔ ተውልኝ» አልኩ። «ካቻቢቴህንና የብሎን መፍቻ ኪያቤህን ግን አውሰኝ።»

ሰጠኝ። የሰጠኝ ለመሳቅ ነው፤ ሳቁ ዕቃውን አላበላሸውም።

የሠራሁትን ለመረዳት ምህንድስና አያስፈልግም። በዚህ ዓይነት መኪና ውስጥ ከዋናው ካምቢዮ ኋላ አንድ ትንሽ ካምቢዮ ይኖራል፤ የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለኋላ ጎማ ብቻ ወይም ለአራቱም ያካፍላል፤ ሲታዘዝም ወደ ሪዱታ ይገባል። በድሮ መኪናዎች ይህን የሚያደርገው ከወለሉ ብቅ ያለ ዘንግ ነበር፤ ሾፌሩ በክንዱ ይጎትተዋል። በአዲሶቹ ዘንጉ ተነሥቶ በምትኩ ጡጫ የምታህል የኤሌክትሪክ ሞተር ተተከለች። ኮምፒውተሩ የማዞሪያውን ትእዛዝ ይሰማል፤ መኪናዋ መቆሟን ያረጋግጣል፤ ከዚያ ለሞተሯ ኤሌክትሪክ ይልካል። የሞተው እንግዲህ ፈቃድ ሰጪው ነው። ሠራተኛዋ መሞቷን ማንም አላረጋገጠም። ፈቃድ ሰጪና ሠራተኛ ተለያይተው መታየት እንዳለባቸው ደግሞ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ በሌላ ቦታም ተምሬዋለሁ።

ካርቶን ዘርግቼ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። የጋራዡ ሰው «ዶክተሯ ተኛች!» ብሎ ለመንገደኛ ሁሉ ሲያውጅ ሰማሁት። ሞተሯን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘውን መስመር ነቀልኩ፤ ሁለቱን ወፍራም ሽቦዎች ለይቼ ከባትሪ በቀጥታ ነካሁባቸው። ከትንሹ ካምቢዮ ውስጥ አጭርና ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ፤ የብረት ጥርስ ከብረት ጥርስ ሲገጥም የሚሰማው ድምፅ። ሽቦዎቹን አቀያየርኩ፤ ሞተሯ ወደ ኋላ ዞረች፤ ጥርሱ ተላቀቀ። ሳቁ ወዲያው አልቆመም። ያ ድምፅ ለሁለተኛ ጊዜ በተሰማ ጊዜ ግን የጋራዡ ሰው ጫማ ወደ ራሴ ተጠግቶ ቆመ።

«ሠራ እንዴ?»

«አልተበላሸም ነበር።»

ያን ቀን የተሰማኝን በስሙ እጠራዋለሁ፤ ኩራት ነው። ካባ ለብሼ፣ ጭብጨባ መሐል፣ ስሜ ሲጠራ የተሰማኝ ከዚህ የደበዘዘ ነበር፤ ያኛው የሌሎች ምስክርነት ሲሆን፣ ይህ ግን የብረት ነው።

የቀረው ለሾፌሩ እጅ የሚሆን ነገር ማበጀት ነበር። የምፈልገው በአንድ ወገን ሲጫኑት ኤሌክትሪኩን በአንድ አቅጣጫ፣ በሌላው ወገን ሲጫኑት በተቃራኒው የሚልክ፣ ሲለቁት ደግሞ ራሱን የሚያቋርጥ ቁልፍ ነበር። እንዲህ ያለውን ከሱቅ አልጠየቅኩም። ከጋራዡ ጀርባ ጎማዋ ተነቅሎ በድንጋይ ላይ የተቀመጠች ሚኒባስ አለች፤ በሯ ላይ መስታወት የሚያወጣና የሚያወርድ ቁልፍ ነበራት። መስታወት የምታንቀሳቅስ ሞተርና ካምቢዮ የምታንቀሳቅስ ሞተር የሚታዘዙት በአንድ ሕግ ነው። ቁልፉን ነቀልኩት፤ ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከሞተው ማዞሪያ ሥር አሰርኩት፤ ከባትሪው በኩል ፊውዝ ጨመርኩ፤ መገጣጠሚያውን በሚያጣብቅ ናስትሮ ጠቀለልኩ።

መኪናዋ ለእይታ ስትቀርብላት እናቴ በራፉ ላይ ከወንበሯ ሳትነሣ፣ በተከፈተው የመኪናዋ በር በኩል ቁልፉን መረመረች።

«ይኼ የመስታወት ማውጫ ነው» አለች።

«ነበር።»

«መስታወት የሚያወጣ ቁልፍ እኔን ሊያወጣ! አሁንስ አንቺ ልጅ ሥራ አልቆብሻል።»

ሥራ ግን አላለቀብኝም። ኮምፒውተሩን ሳስወግድ ፈቃድ ሰጪውን ብቻ ሳይሆን ጠባቂውንም እንዳስወገድኩ አውቅ ነበር። ትንሹ ካምቢዮ ከአንዱ ማርሽ ወደ ሌላው ሲሸጋገር መሐል ላይ ባዶ ቦታ ያቋርጣል፤ እዚያ ላይ የትኛውም ጥርስ ከየትኛውም ጋር አልተያያዘም። ኮምፒውተሩ እዚያ ላይ እንዳይቆም ይከታተል ነበር። የሰው ጣት ግን ቁልፉን ቶሎ ከለቀቀ እዚያው ሊያስቀረው ይችላል። ትንሹ ካምቢዮ እዚያ ከቀረ ደግሞ ትልቁ ካምቢዮ በአንደኛ ማርሽ ቢታሰርም ዋጋ የለውም፤ ማርሹ ሞተሩን ይይዛል፣ ጎማውን የሚይዝ የለም።

ይህ በሌላ አገር ትንሽ ነገር ይሆን ይሆናል። በእኛ አገር ትንሽ አይደለም። በላስታ መንገድ የእጅ ፍሬኗ የሚይዝ መኪና ብርቅ ናት፤ ገመዱን አቧራና ጭቃ ይበላዋል። ስለዚህ ሾፌር ሁሉ ዳገት ላይ ሲቆም አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩን ያጠፋል፤ ከዚያ ተማምኖ ይወርዳል። አባት ለልጅ፣ ሾፌር ለረዳቱ ያወረሰው ልማድ ነው፤ ዕድሜ ልክም ሠርቷል። ዕድሜ ልክ የሠራን ልማድ ማንም አይመረምረውም። እኔ የምፈራው እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

በጠባቂው ምትክ ሁለት ነገር አኖርኩ። አንደኛው መብራት ነው፤ ነጭ ለኋላ ጎማ፣ ቢጫ ለአራት ጎማ፣ አረንጓዴ ለሪዱታ። ሞተሯ ያለችበትን ቦታ ከሚናገሩት ቀጫጭን ሽቦዎች ምልክቱን አነበብኩ፤ እያንዳንዱ መብራት በቦታው ላይ ብቻ እንዲበራ ለማድረግ ያስፈለጉኝን፣ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ዳዮዶች ከአባቴ ሬዲዮ ነቀልኩ። ሬዲዮው እሱ ከሞተ ጀምሮ የከፈተው አልነበረም። ወንድሜ ሳወጣቸው አይቶ ፊቱን አጠቆረ፤ እኔ ግን የሚያስፈልገኝ ዳዮድ ነበር፤ ሬዲዮው ደግሞ ነበረው። ሦስቱም መብራቶች ጠፍተው ከታዩ መኪናዋ ባዶው ቦታ ላይ ናት ማለት ነው።

ሁለተኛው ታኮ ነው። ከፈረሰ ቤት ጉበን የተረፈ የወይራ ግንድ ነበረን፤ በመጋዝ ሰያፍ ቆርጬ ጎማ ሥር የሚገባ አደረግሁት።

«እታለም፣ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?» አለ ወንድሜ። «ላስታ እኮ ነው ያለነው።»

«ድንጋይ ይንከባለላል። ይኼ አይንከባለልም። አሁን ደግመህ ንገረኝ።»

«መኪናዋን አቆማለሁ፤ እግሬን ፍሬን ላይ አደርጋለሁ፤ ካምቢዮውን ከማርሽ አውጥቼ ፎሌ አደርጋለሁ፤ ቁልፉን እጫናለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«መብራቱ እስኪበራ።»

«ካልበራስ?»

«እግሬን ከፍሬን አላነሣም። ኧረ በቃኝ! መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ እኮ።»

«መንጃ ፈቃድህን የሰጠህ ሰው ይቺን መኪና አያውቃትም።»

በተዝካሩ ዋዜማ ጠዋት ተነሣን። እናቴ ከፊት፣ ከወንድሜ ጎን ተቀመጠች፤ ከዳሌዋ ሥር የታጠፈ ጋቢ አደረግንላት። ከኋላ ወንበር እኔ፣ በጭነቱ ላይ ድፎ ዳቦዎቹና ጠላው። ከተማውን ለቀን ጠጠሩን እንደያዝን ወንድሜ መኪናዋን አቁሞ ቁልፉን ተጫነ፤ ቢጫው በራ። እናቴ መብራቱን በጣቷ ነካችው። የፊት ጎማዎቹ መሬቱን ሲይዙ የመኪናዋ ጠባይ ሲለወጥ ሁላችንም ተሰማን፤ ትንሸራተት የነበረችው ትራመድ ጀመር። ወንድሜ አፏጨ።

ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሜዳ አለ። ወደ ሪዱታ እዚያ ላይ እንዲገባ ነግሬው ነበር። ሳያቆም አለፈው።

«ሜዳው አለፈ» አልኩ።

«በቢጫው እየወጣች ነው እኮ፤ አታይም? ደስ ብሏታል።»

«መኪና ደስ አይላትም።»

«ተይው» አለች እናቴ፤ ለማን እንዳለችው አልታወቀም።

በእርግጥም በቢጫው ብዙ ወጣች። ከዚያ የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚታይበት ጥምዝ ደረስን። በዚህ አገር ደጁ ከታየ ዝም ብሎ አይታለፍም፤ በቅሎ የተቀመጠ ይወርዳል፣ መኪና የያዘ ያቆማል፣ ሁሉም ፊቱን ወደዚያ መልሶ ይሳለማል። ጥምዙ ያለው ዳገቱ ላይ ነው፤ ከጥምዙ በላይም የመንገዱ ክፉው ክፍል ይጀምራል፤ በታች በኩል ገደል ነው። ወንድሜ አቆመ። ከፊቱ የሚጠብቀውን ስላየ አሁን ሪዱታ አማረው፤ ፎሌ አደረገ፣ ቁልፉን ተጫነ፣ ለቀቀ። የጠዋት ፀሐይ ዳሽቦርዱ ላይ ወድቃ ነበር። አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ የእጅ ፍሬኑን እንደ ልማዱ ሳበ፣ ኮፍያውን አውልቆ ለመውረድ በሩን ከፈተ።

እኔ ከዚያ በፊት ወርጄ ነበር። መኪናዋ እንደቆመች ታኮውን ይዤ ወደ ኋላ ጎማ ሄጄ ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ከተትኩት፤ በተረከዜም አጠበቅሁት። ወንድሜ ነጠላውን መስቀለኛ እያጣፋ አየኝና ሳቀብኝ። «አይ እታለም! ማርሽ ላይ ናት እኮ!» ብሎ ፊቱን ወደ ደጁ መለሰ፤ ሰገደ።

እሱ ጎንበስ እንዳለ የእጅ ፍሬኑ ለቀቀ። መኪናዋ እናቴን እንደያዘች ወደ ኋላ ተንቀሳቀሰች። የተንቀሳቀሰችው ጥቂት ነው፤ ጎማው ወይራው ላይ ወጣ፣ እንጨቱ ጮኸ፣ መሬቱ ውስጥ ገባ፣ ያዘ። ከጭነቱ አንዱ ድፎ ተንሸራቶ የኋላውን መዝጊያ መታ።

ወንድሜ እየሮጠ መጣ። በከንፈሩ ላይ ጸሎቱ ገና አላለቀም ነበር። «ማርሽ ላይ ናት! በእግዚአብሔር፣ ማርሽ ላይ ናት!»

«የትኛው ማርሽ?» አልኩ። «እጅህን ለፀሐይዋ ጋርደህ መብራቱን ተመልከት።»

ጋረደና ተመለከተ። ነጩ፣ ቢጫው፣ አረንጓዴው፤ ሦስቱም ጠፍተው ነበር። ወደ ገደሉ አየ፤ ወደ ታኮው አየ፤ ወደ እኔ ግን አላየም።

«ግባና ፍሬን ያዝ» አልኩት። ገባ፣ ያዘ። እኔ በእናቴ በኩል በሩን ከፈትኩ። «እማዬ፣ ውረጂ። እስክናስተካክላት መንገዱ ዳር ትቀመጫለሽ።»

«ምን ሆነች?»

«ትንሹ ካምቢዮ መሐል ላይ ቀርቷል። ይስተካከላል። አንቺ ግን ከውስጧ ውጪ።»

«እማዬ ውረጂ» አለ ወንድሜም። «ሰው ልላክ፤ ጎረምሶቹ እዚህ ላይ ይምጡልሽ። ይቺን ዳገት ብቻ እኮ ነው።»

እናቴ ሁለታችንንም አየችን። «ከዚህ ከወረድኩ የሚያነሣኝ ቃሬዛ ነው» አለች። ከዚያ ለእኔ፤ «ይኼን እንጨት አንቺ ነሽ ያኖርሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይይዛል?»

«ይዟል።»

«ካምቢዮውስ ይገባል?»

ለማጽናናት ብዬ የማልናገር መሆኔን እናቴ ታውቃለች፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ ተቀይማኛለች። አሁን ግን የጠየቀችኝ በዚሁ ምክንያት ነበር። ጥርስ ከጥርስ ፊት ለፊት ተጋጥሞ ቆሞ መሆን አለበት፤ ጎማው ጥቂት ከዞረ ይገጥማል፤ ጎማው ጥቂት እንዲዞር ደግሞ ታኮው ቦታ አለው። ይህን በልቤ አንድ ጊዜ አስኬድኩት፤ ስሕተት አላገኘሁበትም።

«ይገባል» አልኩ።

«እንግዲያው በሩን ዝጊልኝ፤ ብርድ ነው።» በሩን ልዘጋ ስል ደግሞ ቀጠለች፤ «ጎንበስ ስትዪ አይቼሽ ተሳለመች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ታኮ እያኖርኩ ነበር።»

«ይሁን፤ እሱም ይቆጠርልሽ።»

ሁለተኛ መያዣ እንዲሆን ትልቅ ድንጋይ ፈልጌ ከታኮው ጀርባ ደገፍኩ። ወንድሜን በመስኮቱ በኩል አዘዝኩት፤ ሞተሩን አስነሣ፣ ካምቢዮውን ፎሌ አደረገ፣ ቁልፉን ተጫነ። ትንሿ ሞተር አቃሰተች፤ መብራት የለም።

«አትልቀቅ። እንደተጫንክ ፍሬኑን በጣም ቀስ ብለህ አላላ። ታኮው ላይ ትቀመጣለች።»

«እታለም፣ እናታችን...»

«አላላ።»

አላላ። ጎማው በወይራው ላይ የጣት ያህል ተንከባለለ፤ ከመኪናዋ ሆድ ያ አጭርና ጥርት ያለ ድምፅ ወጣ። አረንጓዴው በራ። እናቴ ደግሞ የመብራቱን ቀለም በሚገባ ታውቀው ይመስል «እሰይ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ያለው ቀላል ነበር። በአንደኛ ማርሽ፣ በሪዱታ፣ መኪናዋ ታኮውን ለቅቃ ወጣች። እኔ አልተሳፈርኩም። ታኮውን ከመሬት ነቅዬ በክንዴ ይዤ ከኋላ ጎማው ጎን በእግሬ ወጣሁ፤ መኪናዋ የምትሄደው ሰው በሚራመድበት ፍጥነት ስለነበር አልቀደመችኝም። ከላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ቁልቁል ሲያየን ይታየኝ ነበር። ምን እንዳሉ አላውቅም። እንጨት የያዘች ሴት መኪና እንደ ከብት ስትነዳ አይተው ይሆናል፤ ልክ ናቸው።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደጃፍ ላይ ቃሬዛው ይጠብቀን ነበር። ለእናቴ ብለው አዲስ የባሕር ዛፍ አጠና ቆርጠው፣ ገመዱን አጥብቀው ሸርበው፣ ብርድ ልብስ አንጥፈውበታል። አራት ጎረምሶች ከጎኑ ተነሡ። የአባቴ ዘመድ የሆኑት ሽማግሌ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ወደ መኪናዋ መጡ። እናቴ በሩን ራሷ ከፈተች፤ ምርኩዟን መሬት ላይ ተከለች፤ አንድ እግሯን፣ ከዚያ ሌላውን አወረደች። ክንዷን ልይዝ ስል በምርኩዙ ጫፍ መለሰችኝ። ቆመች። መስቀሉን ተሳለመች።

ቄሱ ወደ ወንድሜ ዞሩ። «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ፤ እናትህን አወጣሃት። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ መኪና እዚህ አልደረሰም።»

ወንድሜ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደነበር እስከ ዛሬ አልጠየቅኩትም፤ እናቴ ቀደመችው።

«አባ፣ እሱ መሪ ነው የያዘው» አለች፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ያወጣችኝ ይቺ ናት። ከመኪናው ሥር ገብታ፣ ተኝታ፣ በእጇ የሠራችው እሷ ናት። አንቱም ከመረቁ በደንብ ይመርቋት።»

እናቴ በሕይወቷ አመስግናኝ አታውቅም። ትምህርቴን ስጨርስ ያለችው «እንግዲህ አሁን ታርፊያለሽ» ብቻ ነበር። ቄሱ ወደ እኔ ዘወር አሉ፤ እጄ ላይ ያለውን የወይራ እንጨት ተመለከቱ፤ ሳይጠይቁ መስቀላቸውን ከግንባሬ ወደ እንጨቱ አሳለፉት። ጎንበስ አልኩ፤ በዚህ ጊዜ ምንም የማኖረው ታኮ አልነበረም።

ወንድሜ ከጎኔ መጥቶ ቆመ። «ነገ ስንወርድ» አለ በቀስታ፣ «አንቺ ከፊት ተቀመጪ። መብራቱን አንቺ ታዪያለሽ።»

«አንተ ታያለህ» አልኩት። «እኔ ታኮውን እይዛለሁ።»

ጎረምሶቹ በተዘጋጀው ቃሬዛ ዙሪያ ግራ ተጋብተው ቆመው ነበር። አንደኛው «እማማ፣ ለአንቺ ብለን ነበር የሠራነው...» ሲል እናቴ ቃሬዛውን ከራሱ እስከ ግርጌው ተመለከተችው፤ ገመዱን በምርኩዟ ነካ ነካ አደረገችው።

«ጥሩ ነው፤ ጠንካራ ነው» አለች። «ባዶውን አትመልሱት። ድፎውን ጫኑበት።»

በመጀመሪያ ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። ከዚያ ቄሱ ራሳቸው ሳቁ፤ ሕዝቡም ሳቀ። ዳቦዎቹን አንድ በአንድ ከመኪናዋ አውርደው በብርድ ልብሱ ላይ ደረደሯቸው፤ አራቱ ጎረምሶች በትከሻቸው አነሡት። የአባቴ ተዝካር ዳቦ በቃሬዛ ወደ ቅጥሩ ገባ፤ እናቴም ከኋላው፣ ማንም ሳይደግፋት፣ በእግሯ ገባች።